ለጋሽ ተሾመ የሚሆን ዘንግ

ኸድሩ ሰው ሲወድ ትልቅ ነገር ይገዛል። በሽታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ለእናቱ ምንጣፍ ሲገዛ ከክፍሉ የሚሰፋ ገዝቶ ጠርዙ ዛሬም ድረስ ግድግዳው ላይ ወጥቶ ይታያል። ለልጁ ለሱራያ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሲገዛ ደግሞ ልጅቷ ራሷ የምትገባበት ነው ያመጣላት። ይኸው ሰው ዲላ ላይ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ አንድ ቧንቧ ሊሸጥልህ «ስንት ኢንች? ለምን ጉዳይ? ውሃው ከላይ ነው ከታች የሚመጣው?» እያለ ያደርቅሃል። ለሚወደው ሰው ሲሆን ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አይጠይቅም። ትልቁን ያነሳል፣ ያስጠቀልላል፣ በቃ።

ጋሽ ተሾመን ደግሞ ይወዳቸዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከአባቱ ይልቅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት የአባቱን አይሱዙ ነድተዋል፤ ከይርጋጨፌና ከወርቃ ቡና ጭነው በዚያ ጭቃ ሲመላለሱ ኸድሩ ጋቢና ውስጥ መሐል ተቀምጦ ነው ያደገው። እሁድ ከሰዓት፣ ጋሽ ተሾመ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሁለቱ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዱ ነበር። ጋሽ ተሾመ የማጥመጃ ዘንግ የሚባል ነገር አያውቁም። የናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ አንድ ድንጋይ፤ ከራሳቸው በላይ ሦስቴ አሽከርክረው ሲለቁት ክሩ እያፏጨ ይሄዳል። ጀልባ ቀዛፊዎቹ ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው ያዩአቸው ነበር። ኸድሩ ጢም አብቅሎ፣ አግብቶ፣ ወልዶም ይኸ እሁድ አልተቋረጠም።

አምና በጥምቀት ሰሞን ግን ጋሽ ተሾመ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች። በከዘራ ይራመዳሉ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶችም ይጨብጣሉ፤ ክንዳቸው ግን ከወገብ በላይ አልነሳም አለ። ምላሳቸው ደህና ነው፤ መናገሩን የተዉት እሳቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያንን እጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ውሃ እንኳ ስጡኝ አይሉም። ሲጠማቸው ሰው እስኪያስታውስ ይጠብቃሉ። ኩሩ ሰው ሲታመም እንዲህ ነው፤ ያበሽቃል፣ አንጀትም ይበላል።

አንድ ቀን ሚስታቸው እትዬ ተናኘወርቅ ሱቅ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሚስማር ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ኸድሩ፣ ሰውዬው አሳሰበኝ» አሉ። «ሐኪሙ ይንቀሳቀስ ይላል፤ እሱ በረንዳው ላይ ሥር ሰዷል። ትናንት በእንቅልፍ ልቡ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ነከሰ! ነከሰ!› ይላል። ዓሣ እኮ ነው! ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲመኝ የሰማሁት በእንቅልፉ ነው።»

«ጋሼ ወደ ሐይቁ መሄድ ይፈልጋሉ?»

«አንድ ዓሣ በገዛ እጁ ቢያወጣ ከዚያ ወንበር ይነሳል፣ እኔ አውቀዋለሁ። ካላወጣ ግን ዓይኔ እያየ እዚያው ያልቃል። ልጄ፣ አንድ ነገር አድርግ።» ይህን ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

ኸድሩ እሺ ብሎ ሸኛቸው። ግን ምን ያድርግ? ክር አሽከርክሮ ለመወርወር ትከሻ ያስፈልጋል፤ የቀኙ ደግሞ አይነሳም፣ ግራቸው ወርውሮ አያውቅም።

መልሱ በዚያው ሳምንት ቀለም ሊገዛ መጣ። ፊሊጶስ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር የሐዋሳ ልጅ ነው። ዓሣ ማጥመድ የሚወድ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከዓሣ ሌላ ወሬ የለውማ።

«ኸድሩ፣ ይሄ ቀላል ኬዝ ነው» አለ ነገሩን ሰምቶ። «መወርወር አይችሉም አይደል? አይወርውሩ። ፒች ያድርጉት።»

«ምን ያድርጉት?»

ፊሊጶስ ከመደርደሪያው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ መዘዘ፤ ጫፉ ላይ ሲባጎ አስሮ የሱቁን ቁልፍ አንጠለጠለበት። ቁልፉን እንደ ዥዋዥዌ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፤ ወደ ፊት ሲመለስ የቱቦውን ጫፍ ቀና አደረገ። ቁልፉ ዝቅ ብሎ ተንሸራቶ ሄደና ማዶ ያለው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቷ አለ።

«አየህ? ትከሻ የለበትም። የእጅ አንጓ ብቻ ነው። በግራ እጅም ይሆናል።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳው። ጅግ የሚባለው ራሱ ላይ ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ያለው፣ ላባ ያለበሱት መንጠቆ ነው፤ ትል ይሰኩበታል። ከጅጉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ክሩ ላይ ቡሽ ይታሰራል። ቡሹ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ጅጉ ከሥሩ ይንጠለጠላል። አባያ ድፍርስ ነው፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ሸምበቆው ሥር ነው የሚውለው። ስለዚህ ሩቅ መወርወር ምንም አይፈይድም፤ ሸምበቆው መሐል ክፍት ቦታ ማግኘትና ጅጉን እዚያች ላይ ማሳረፍ ነው ዋናው።

«ዘንጉን ግን አደራ» አለ ፊሊጶስ ወረቀት ላይ እየጻፈ። «ሦስት ሜትር ገደማ ይርዘም፤ በጣም ቀላል ይሁን። ጫፉ ይለስልስ፣ ወገቡ አይለስልስ። ክሩን የሚጠቀልለው ሪል ትንሹ ይሁን፤ እጀታው በቀኝ በኩል የሚገባ። ዘንጉን በግራ ይይዛሉ፣ የቀኝ እጃቸው ወገባቸው ጋ ሆኖ ቀስ እያለ ይጠቀልላል። ትልቅ እንዳትገዛ፣ እሺ?»

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» አለ ኸድሩ። ምንም አልገባውም!

መርካቶ ዕቃ ሊያወጣ በሄደ ጊዜ ዘንግ ሻጩ መጀመሪያ ያሳየው ልክ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነበር። ኸድሩ በሁለት ጣቱ አነሳት። ከምንም አትከብድም። ጫፏ ስትንቀጠቀጥ አየና ፊቱ ጠቆረ። ይህችን የመጥረጊያ ሰንበሌጥ ይዞ ጋሽ ተሾመ ፊት ሊቆም? ያንን ሁሉ ጭነት ተሸክመው የሠላሳ ዓመት ዳገት ለወጡ ሰው?

«ያኛውስ?» አለ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው እያመለከተ።

«እሱ የባሕር ነው ወንድሜ፤ ሻርክ ያወጣል።»

«ሻርክ ያወጣል?» የኸድሩ ጆሮ ቀጥ አለ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየት አደረገና አጣጥፎ መለሰው። ዘንጉ እንደ መጥረቢያ እጀታ ወፍራም ነው፤ ሪሉ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። አስጠቀለለው። ደስታው ልክ አልነበረውም።

ጋሽ ተሾመ ስጦታውን ሲቀበሉ ለረጅም ጊዜ አዩት። በግራ እጃቸው ሊያነሱት ሞከሩና መልሰው ጭናቸው ላይ አስተኙት። ከዚያ በዓመታቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ግሩም ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ።» ኸድሩ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ይሉኝታ መሆኑን ማን ይንገረው? ሰው ከዲላ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ያመጣልህን ስጦታ «አይሆነኝም» ትላለህ? ጋሽ ተሾመ ከሚሉ ሌላውን እጃቸውንም ቢያጡ ይመርጣሉ።

እሁድ ወረዱ። ኸድሩ ለማጥመጃው የበሬ ሥጋ፣ ያውም ምርጡን ታናሽ አስቆርጦ ነበር። ለጋሽ ተሾመ ትል ቆፍሮ አይመጣም፣ ነውር ነው! ከዳሩ ከፍ ያለ፣ አዞ የማይደርስበት ጥቁር ቋጥኝ አላቸው፤ ሁልጊዜ የሚቆሙበት። ጋሽ ተሾመ ከዘራቸውን አስደግፈው ያንን ግንድ በግራ እጃቸው አነሱት። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። ወዘወዙት፤ የሪሉ ክብደት ወደ ጎን ጎተታቸው። ኸድሩ ደርሶ ሳይይዛቸው በጉልበታቸው ወደቁ። ሥጋው እግራቸው ሥር ጠብ አለ፤ ክሩ ተተበተበ።

ጀልባ ቀዛፊዎቹ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ያንን ማዞራቸውን ጋሽ ተሾመ አዩ። ኸድሩም ማየታቸውን አየ።

«ዘንጉ ግሩም ነው» አሉ ጋሽ ተሾመ ከመሬት ሳይነሱ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዲላ በራቸው ላይ ከመኪና ሲወርዱ «ኸድሩ፣ ከእንግዲህ ሐይቅ በቃኝ» አሉ። ኸድሩ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቀረ። ሰውዬውን ላድን ብዬ ገደልኳቸው፣ ያ ረቢ! ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ግን ያኔም አልታየውም። ዘንጉማ ትልቁ ነው፤ ከዚያ የሚሻል አልነበረም። የደከሙት እሳቸው ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ጋሼ አለቀላቸው ብሎ አለቀሰ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በሦስቱም ሳምንት እትዬ ተናኘወርቅ ሱቅ እየመጡ አንዳንድ ትንንሽ ዳዶ ገዙ፤ ብሎኑን አይሉም፣ እሱን የምታጠብቀዋን ቀዳዳ ብረት ብቻ። በሦስተኛው ኸድሩ አላስቻለውም።

«እትዬ ተናኘ፣ ብሎን የሌለው ዳዶ ለምን ይሆንዎታል?»

ሴትዮዋ ግራ ቀኙን አዩ። «እኔ አልነገርኩህም። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በጓሮ በኩል ና። እንዳትስል፣ እንዳታስነጥስ።»

ኸድሩ እንደ ሌባ በጓሮ ገባ። እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቶ ግቢውን ሸፍኖታል። በእንሰቱ መሐል እትዬ ተናኘወርቅ ልብስ የሚያጥቡበት ሰማያዊ ሳፋ ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ከሳፋው ወዲህ ጋሽ ተሾመ በርጩማ ላይ ናቸው። በግራ እጃቸው ለአጥር ከቡሌ ከመጣ ቀርከሃ የተመዘዘ ቀጭን በትር ይዘዋል። ጫፉ ላይ ክር፣ ክሩ ላይ ቡሽ፣ ከሥር ዳዶ። ዳዶዋን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት፣ ለቀቋት፣ የበትሩን ጫፍ ቀና አደረጉ። ዳዶዋ በሁለት የእንሰት ቅጠል መሐል ሾልካ ሄደችና ሳፋው ውስጥ ጠብ አለች። ደገሙት። ቅጠሉ ላይ ተንጠለጠለች። በሹክሹክታ ተሳደቡ። ደገሙት። ገባች።

ይህን ማንም አላስተማራቸውም። በዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያንን እጅ ሲያዩ የከረሙት፣ ለካስ ሲያሰሉ ነው!

ኸድሩ እንሰቱ ሥር ቁጢጥ እንዳለ የፊሊጶስ ወረቀት ትዝ አለው። ረዘም ያለ፣ ቀላል፣ ጫፉ ለስላሳ። ጋሽ ተሾመ የያዙት ያ ነው፤ እሱ የሰጣቸው ደግሞ የሻርክ ግንድ። አፉን በእጁ ያዘ። ሐይቅ በቃኝ ያሉት ዓሣ ጠልተው አልነበረም፤ ስጦታውን ትተው በቀርከሃ ሲያጠምዱ ቢታዩ ኸድሩ ያፍራል ብለው ነው። በራሳቸው ቋጥኝ ላይ እንዳይቆሙ የከለከላቸው የሱው ዘንግ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ፣ ልቀይርልዎት» ቢላቸው «ኧረ ግሩም ነው!» ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንን ግንድ ታቅፈው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ዘንጉ በሰው ምርጫ ሳይሆን በአደጋ መሞት አለበት።

በነጋታው «ሪሉን ዘይት ላጠጣው» ብሎ ወሰደው። መኪናው በር ውስጥ አስገብቶ በሩን በኃይል ዘጋው። ዘንጉ ምንም አልሆነም፤ በሩ ተጎዳ። ደገመው። በሩ ይባስ ጎበጠ። ኸድሩ ቆሽቱ አረረ። ሻርክ ያወጣል ያለው ሰውዬ ለካስ አልዋሸም! በመጨረሻ ሱቁን ዘግቶ ዘንጉን ባለጥርሱ የብረት መቆንጠጫ ሞርሳ ላይ አሰረና በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ሦስት ቦታ ተሰበረ። ስብርባሪውን ይዞ ጋሽ ተሾመ ፊት ቀረበ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠራሁ። የመኪና በር ዘጋሁበት።»

ጋሽ ተሾመ ስብርባሪውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «አይ ይቺ በር» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኸድሩ መርካቶ ያንኑ ሻጭ ፊት ቆመ። በዚህኛው ቀን ግን ቧንቧ ሻጩ ኸድሩ ነበር የመጣው።

«ስንት ግራም ትመዝናለች? እርጥብ ስትሆንስ? አንድ ኪሎ የሚሆን ዓሣ ቢመጣ ወገቧ ይችላል? የሪሉ እጀታ ተፈትቶ በቀኝ ይገባል? ፍታና አሳየኝ።» ሻጩ እጀታውን ፈቶ ወደ ቀኝ አዞረው። ኸድሩ ሪሉን ዘንጉ ላይ አስገጥሞ በአንድ ጣቱ ሚዛን ላይ አቆማት፤ ወደየትም አላዘነበለችም። አላበቃም። ቀኝ እጁን ቀበቶው ውስጥ ሻጠና በግራው ብቻ ዘንጓን ይዞ ቁልፍ አንጠልጥሎ ሱቁ መሐል ሃያ ጊዜ ያህል ወዘወዘ። ገበያተኛው ቆሞ አየው፤ የሳቀም ነበረ። ይሳቅ! ክንዱ ሳይደክም ሃያኛው ላይ ሲደርስ ነው «ጠቅልላት» ያለው።

ጋሽ ተሾመ ቀጭኗን ዘንግ በግራ እጃቸው ሲይዟት ግሩም ነው አላሉም። ጫፏን ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አደረጓትና «እሁድ ስንት ሰዓት?» አሉ።

ፊሊጶስ የሰጠውን ብርቱካናማ ጅግ ኸድሩ መኪና ውስጥ አሰረላቸው፤ ትል ግን አሁንም ነውር ነውና የሰካበት ያንኑ ምርጥ ሥጋ ነው። ቋጥኙ ላይ ሲደርሱ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ፤ እንዳይነካ። ቀዛፊዎቹ ከሩቁ አዩአቸውና አንገታቸውን ደፉ፤ ዳግም የሚወድቁ መስሏቸዋል።

የመጀመሪያው ሸምበቆው ላይ ተሰቀለ። ሁለተኛው አጠረ። በሦስተኛው ጋሽ ተሾመ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ጅጉ ዝቅ ብሎ ተንሸራቶ ሸምበቆው መሐል ባለችው ሳፋ በምታክል ክፍት ውሃ ውስጥ ጠብ አለ። ቡሹ ቆመ። ዘንጓን ነቅነቅ፣ ቆም። ነቅነቅ፣ ቆም።

ቡሹ ጠፋ።

«ነከሰ!» አሉ ጋሽ ተሾመ፣ በእንቅልፋቸው ሳይሆን በውናቸው፣ ሐይቁ ሁሉ እስኪሰማ። ዘንጓ ጎበጠች። የቀኝ እጃቸው ወገባቸው ጋ እጀታውን ጨብጦ መዞር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እየተንቀጠቀጠ፣ እያረፈ። ኸድሩ ከኋላ ጣቶቹን እርስ በርስ ጨመቀ። ልያዝልዎት አላለም። ወላሂ፣ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ የከበደው ነገር የለም።

ዓሣው ቋጥኙ ሥር ሲደርስ የቀኝ እጃቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። አልዞርም አለ። ጋሽ ተሾመ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ኸድሩን አዩት።

«ክሩን ያዝልኝ» አሉ።

ከዓመት በላይ ውሃ እንኳ ያልጠየቁ ሰው! ኸድሩ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሳበ። ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ቆሮሶ ነበረች፤ ቋጥኙ ላይ ተንፈራገጠች። ቀዛፊዎቹ ካሉበት ጮኹ፤ አንዱ መቅዘፊያውን ከፍ አደረገ። የኸድሩ እንባ ጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም።

ጋሽ ተሾመ ቋጥኙ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ኸድሩ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቻለሁ።»

«አዎ ጋሼ።»

«የመኪና በር የሞርሳ ጥርስ የለውም።»

ኸድሩ ኩምሽሽ አለ። ጋሽ ተሾመ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና መጀመሪያ ሳል መሰለ፣ ኋላ ግን ትከሻቸውን፣ ያንን የሞተውንም ጭምር፣ አናወጠው።

«ከባድ ከነበረ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ኸድሩ፣ እየሳቀና እያለቀሰ።

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?» አሉ።

ኸድሩ ቆሮሶዋን ከመንጠቆው አላቀቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ሰው ወድዶ ጠይቆ የማያውቀው ኸድሩ ጋሽ ተሾመ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ለሚመጣው እሁድ ምን ላምጣልዎት?»

ጋሽ ተሾመ ብዙም አላሰቡበትም።

«ትል» አሉ። «ወፋፍራም ትል። ያንን ሥጋ ደግሞ ለተናኘ ስጣት።»